የእመት ንግሥቴ ጉርሻ

ከማንኩሳ ወረድ ብሎ፣ በቆሎና በርበሬ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ፣ አንዲት መንደር አለች። በዚያች መንደር ከእመት ንግሥቴ አፍ ሥጋ ሳይቀምስ ያደገ ሰው ቢፈለግ፣ የሚገኘው ከሌላ አገር በጋብቻ የመጣ ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ተወልዶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ መቀመጥ ሲጀምር እናቱ አዝላ ወደ ንግሥቴ ታመጣዋለች። ንግሥቴም ከተመረጠ የጥሬ ሥጋ ብልት ቆረጥ አድርጋ ወደ አፏ ታስገባና ታላምጣለች። ታላምጣለች፣ ታላምጣለች፤ እንደ ገንፎ ሲሆንላት በጣቷ ጫፍ አውጥታ ለልጁ ታጎርሰዋለች። "ከኔ አፍ የበላ ልጅ አጥንቱ አይላላም" ትላለች። ያጎረሰቻቸው ዛሬ ሞፈር ተሸካሚዎች፣ ቡሬ ከተማ ባጃጅ ነጂዎች፣ የልጆች አባቶች ሆነዋል። ያላደጉም አሉ። እነርሱን ግን ማንም አያነሣቸውም፤ የሞተ ልጅ ምስክር አይቆምም።

ይህ ባይኖራት ኖሮ ንግሥቴ ማን ነበረች? ባሏ ገና በጉብዝናው የሞተባት፣ ከወለደቻቸው የሚበዙትን በእጇ ገንዛ አንድ ልጇን ወንዳወቅን ይዛ የቀረች ባልቴት። መሬቷን በእኩል እያሳረሰች፣ የሰው በሬ እየለመነች፣ ምላሷን እንደ ጦር እየሰበቀች ነው ልጇን ለቁም ነገር ያበቃችው። ድሃ ባልቴት በሰርግ ቤት ከምድጃው አጠገብ፣ ከጭሱ ጋር ነው የምትቀመጠው። ንግሥቴን ግን "ወደ ላይ፣ ወደ ላይ" ይሏታል። ለአፏ ነው ክብሩ። ሽምብራ ቆሎ ስትቆረጥም ከጎረቤት ይሰማል እየተባለ ይቀለድላት ነበር፤ እርሷም ቀልዱን ትወደው ነበር።

ሰው አትወድም ማለት ግን አይደለም። ትወዳለች። የምትወደውን ሰው ግን በመዳፏ ውስጥ ካልያዘችው ወደደችው አይባልም፤ ከመዳፏ ሾልኮ የወጣ ሰው ጠላቷ ነው።

ምራቷ ያምሮት ከደምበጫ በኩል የመጣች ናት። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ንግሥቴም ይህንን አንድ ቀንም ይቅር አላለቻትም። ወጡ ሲቀጥን "ስምንተኛ ክፍል የሠራው ነው" ትላለች። እንጀራው ሲደርቅ "ተማሪ የጋገረው ነው" ትላለች። ወንዳወቅ ይሰማል፤ ሰምቶም የበሬውን ቀንበር ያስተካክላል። ጎበዝ ገበሬ ነው፤ በእናቱ ፊት ባል መሆንን ግን ማንም አላስተማረውም።

በክረምቱ መግቢያ ያምሮት ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ንግሥቴ አወጣች፤ ቢሆነኝ አለችው። ሌሎቹ አልሆኑላትም ነበርና። ሌት ተቀን ከእቅፏ አታወርደውም፤ ለመጥባት ብቻ ነው ለእናቱ የምትሰጠው፤ ሲጨርስ ትቀበላለች።

ልጁ ግን እየነጣ ሄደ። ከንፈሩ ደም የሌለው፣ መዳፉ እንደ ሰም የገረጣ ሆነ። ሊቀመጥ ሲገባው ዘንበል ይላል፤ ሊስቅ ሲገባው ይተክዛል። ያምሮት ወደ ጤና ኬላ ልወስደው ነው ስትል ንግሥቴ ልጁን ራሷ አዝላ ከፊት ከፊት ሄደች።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሰብሊ የዚያው መንደር ልጅ ናት። የልጁን የዓይን ሽፋን ገልጣ አየች፤ መዳፉን ዘርግታ አየች።

"ደም አንሶታል" አለች። "ስድስት ወር አልፎታል፤ ከእንግዲህ ጡት ብቻውን አይበቃውም። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል ያስፈልገዋል። ጥሬ ግን በፍጹም! ደህና አድርጎ መቀቀል፣ ጅማቱን ማውጣት፣ ወቅጦ ዱቄት እስኪመስል ማድቀቅ፣ ከገንፎው ጋር ማዋሐድ። በትንሹ ነው የሚጀመር፤ በማንኪያ ጫፍ። ቀና ብሎ ተቀምጦ ይብላ። የፊተኛውን ሳይውጥ ሌላ አይጨመርለትም።"

"የኔ አፍ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?" አለች ንግሥቴ።

ሰብሊ ፈገግ አለች። "እመት ንግሥቴ፣ እኔንም ያጎረሱኝ እርስዎ እንደሆኑ እናቴ ነግራኛለች። ዕድሜ ይስጥዎት። ግን አፍ በሽታ ያስተላልፋል፤ ሥጋውም ጥሬ ነው።"

"አንችን ምን ነካሽ እሱን በልተሽ? ይኸው ደመወዝ ትበያለሽ!"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ሰብሊም ሳቀችና ወደ ያምሮት ዞረች። ነጠላዋን ጠቅልላ እንደ ሕፃን አደረገችውና በክንዷ ላይ በደረቱ አስተኛችው። "ድንገት ቢያንቀው ውሃ አታጠጭው፤ ጣትሽንም ወደ ጉሮሮው አትስደጅ፤ ትገፊዋለሽ። እንዲህ ራሱን ዝቅ አድርገሽ፣ በመዳፍሽ በትከሻዎቹ መካከል ጠንከር አድርገሽ ትመቻለሽ። አትሳሽ። አሁን አንች ሞክሪው።"

ያምሮት ጥቅልሉን ተቀብላ ሞከረችው። ደግማ ሞከረችው። ንግሥቴ ይህንን አይታ አንጀቷ እስኪታጠፍ ሳቀች። መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ሄዳ፣ ለጎረቤቷ ለጌጥነሽ፣ ከጌጥነሽም ቤት ለተሰበሰቡት ሁሉ አወራችው። "ልጅ መደብደብ ሁኗል የጤና ኬላው ትምህርት! ምራቴም ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ነጠላውን ደህና አድርጋ ወቀጠችው!" ሴቶቹ ለብዙ ቀን ሳቁበት።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያምሮት ዘዴ ፈለገች። በቅበላው ከደረሳቸው ሥጋ ላይ ጥቂት ቆንጥራ፣ ጨውም በርበሬም ሳታስነካው፣ ቀጭን ቀጭን አድርጋ ዘልዝላ ቋንጣ ሰቀለችው። ከማንኩሳ ገበያ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት ገዛች፤ የቤቱ ዕቃ እንዳይነካ። የንስሐ አባታቸውን ቄስ ገብረሰንበትንም በንግሥቴ ፊት ጠየቀቻቸው።

"ሕፃን ምን ጾም አለበት?" አሉ ቄሱ። "ሰባት ዓመት እስኪሞላው ይብላ እንጅ።"

"ልክ ነው አባቴ" አለች ንግሥቴ። "ልጁስ አይጾምም። ድስቱ ግን ይጾማል። ሙቀጫውም ይጾማል፤ ማማሰያውም ይጾማል። ከኔ ቤት በሑዳዴ የሥጋ እንፋሎት ወጥቶ አያውቅም።"

ቄሱ ሳቁ። አነጋገሯ ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት፤ ከሳቁ በኋላ ግን "አይሆንም፣ ልጁ ይብላ" ማለት አልሆነላቸውም። መርቀው ወጡ። በአገራችን በጥሩ ቃል የተሸነፈ ሰው አይናደድም፤ በዚያ ቃል የተነሣ የሚራበው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያምሮት አልተወችም። ንግሥቴ ቤተ ክርስቲያን ስትስም፣ ቋንጣውን በቤቱ ሙቀጫ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከጓሮ በሦስት ጉልቻ በትንሿ ድስት ደህና አድርጋ ቀቅላ በገንፎው ላይ ታደርግለት ጀመር። በማንኪያ ጫፍ ጀመረች። ልጁ መጀመሪያ በምላሱ ገፋው፤ ቀጥሎ ቀመሰው፤ ቀጥሎ ማንኪያውን ሲያይ እግሩን ያራግብ ጀመር። ጥቂት ሲቆይ መዳፉ ቀላ አለ። ሳይደገፍ ተቀመጠ። ንግሥቴም አይታ "አየሽ? የኔ እቅፍ ነው" አለች። ያምሮት አንገቷን ደፋች፤ ደስታዋን እንኳን በመደበቅ ነበር የምትደሰተው።

አንድ ቀን ንግሥቴ ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ተመለሰች። ሽታው ከበሩ ተቀበላት።

አልጮኸችም። ጓሮ ሄደች፤ ድስቲቱን ከነትኩሷ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነሣችና ያምሮት እያየች ከጉልቻው ላይ ከሰከሰቻት። ወደ ቤት ገብታ ቋንጣውን ከተሰቀለበት አወረደችውና ውሻውን ጠራችው። አንድ በአንድ ነው የወረወረችለት። አንዱን ወርውራ፣ ውሻው እስኪውጥ ጠብቃ፣ ሌላውን። ቢሆነኝ በእናቱ እቅፍ ሆኖ እጁን ወደ ሥጋው ዘረጋ። ንግሥቴ የልጁን እጅ አየች፤ የመጨረሻውንም ለውሻው ወረወረችው።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ" አለች። "ሙቀጫውን ይዘሽ ወንዝ ውረጅ። በአሸዋ ታጥቢዋለሽ፤ በወይራ ቅጠል ታጥቢዋለሽ። ልጀ ደግሞ ሥጋ የሚበላው በፋሲካ ነው፤ ከኔ አፍ ነው። አያቱ ገና አልሞትሁም።"

ወንዳወቅ ከእርሻ ሲመለስ ያምሮት ነገረችው። "ጾሙ እስኪፈታ ነው'ኮ" አላት። "ትንሽ ጊዜ ነው። እናቴን አታስቀይሚያት።"

ያ ትንሽ ጊዜ ለልጁ ረጅም ነበር። መዳፉ ተመልሶ ገረጣ። መቀመጡን ተወ፤ ማንኪያ ሲያይ እግሩን ማራገቡንም ተወ። ያምሮት ሽሮውንም ባቄላውንም በገንፎ አድርጋ ትሰጠዋለች፤ ያላትን ሁሉ ትሰጠዋለች፤ አይበቃውም። ሰብሊ ለደሙ ብላ የሰጠቻትን ሽሮፕም ንግሥቴ "አንጀቱን ያደርቀዋል" ብላ ደፍታዋለች።

በዚሁ ጾም መካከል ንግሥቴን ሌላ ነገር አገኛት። ለደብረ ዘይት በዓል ከቅዳሴ ወጥታ፣ ከሴቶቹ ጋር በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቆሎ ስትቆረጥም፣ ከአፏ ውስጥ ቀጭ የሚል ተሰማት። የመንጋጋ ጥርሶቿ አንድ ባንድ ከዓመት በፊት ጀምረው ከድተዋታል፤ በግራ በኩል የቀረችው አንዲት ነበረች። እርሷ ነበረች የወጣችው። ንግሥቴ ሳል የመጣባት መስላ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ጥርሷን ከነደሟ በነጠላው ጫፍ ተቀበለቻት፤ መንገድ ላይም በቆሎ ማሳ ውስጥ ወረወረቻት። የፊቶቹ ጥርሶቿ እንደ ድሮው ነጭ ሆነው ቆመዋል፤ ስትስቅ ማንም ምንም አያይም። ኋላው ግን ባዶ ድድ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። የጾም ምግብ ጥርስ አይጠይቅም፤ ሽሮውን በእንጀራ አርሳ ትውጣለች። ቆሎ ሲቀርብ "ጨጓራዬ" ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ጣቷን ወደ አፏ እየሰደደች ድዷን ትዳብሳለች፤ ስትዳብስም ትፈራለች። የፈራችው እርጅናን አይደለም። የፈራችው የሰርግ ቤቱን የምድጃ ጥግ ነው። ጥርስ የሌላት ንግሥቴ ከማንኛዋም ባልቴት በምን ትለያለች? ማን ልጁን አዝሎ ደጇ ይቆማል? ይህንን ፍርሃቷን እኔም እረዳላታለሁ። የተረዳሁላት እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

የፋሲካ ዕለት ቅርጫው ከጎረቤታቸው ከጋሸ ክንዱ ደጅ ነበር። ሰዉ ከሌሊቱ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጾሙን ፈትቶ፣ ጥቂት አሸልቦ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ተሰበሰበ። በሬው ተጥሎ፣ ተገፎ፣ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደልድሏል። ወንዳወቅ እጅጌውን ሰብስቦ ከቆራጮቹ ጋር ነው። ወንዶቹ ከጎድኑም ከሽንጡም እያነሡ በጥሬው ይቆርጣሉ፤ ጨዋታው ደምቋል።

ያምሮት ልጇን ይዛ ቀረብ አለች። "ጋሸ ክንዱ፣ ከጉበቱ ትንሽ ይስጡኝ። ለልጁ ልቀቅልለት።"

ክንዱ ቢላዋውን አንሥቶ ሊቆርጥላት ሲል ንግሥቴ ከተቀመጠችበት "ተው!" አለች። "ጉበት የወንድ ነው። እሷ ሲቀቅሉ መዋል ለምዳለች። ልጀን ወዲህ አምጭው፤ ዛሬ የኔ ቀን ነው።"

"እሜቴ፣ እባክዎ" አለች ያምሮት። "ደካማ ነው። ቀቅየ፣ አድቅቄ፣ እርስዎ ያጉርሱት። በእርስዎ እጅ ይሁን። ማድቀቁን ብቻ ለኔ ይተዉልኝ።"

ይህ ብዙ ልመና አልነበረም። የማጉረሱን ክብር ለንግሥቴ ትታ፣ ሥራውን ብቻ ነበር የለመነችው። ንግሥቴ ግን የሰማችው "አፍሽ አይበቃም" የሚለውን ነው። የሴቶቹ ዓይን በእርሷ ላይ ነበር። ጌጥነሽ የራሷን ልጅ ታቅፋ "ቀጥላ የኔይቱ ናት፣ እመት ንግሥቴ" ብላ ተራ ይዛለች። ወንዳወቅም ሥጋ ከሚቆርጥበት ቀና ብሎ "ስጫት እንጅ፣ በበዓል ቀን!" አለ። ያምሮት ልጇን ሰጠች።

ንግሥቴ ልጁን በጭኗ ላይ ጋደም አደረገችው። ከሽንጡ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ቁራጭ አስመርጣ ወደ አፏ አስገባች። ወደ ግራ ወሰደችው፤ ድድ ነው። ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ድድ ነው። በፊት ጥርሷ ልትከካው ሞከረች፤ ሥጋው እንደ ጠፍር ተለጠጠባት። መንጋጋዋ ግን እንደ ድሮው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሚያይ ሁሉ እያላመጠች ነው ይላል። አሁንም ታላምጣለች። ሥጋው አሁንም ሥጋ ነው። ዙሪያዋን ያሉት ይጠብቃሉ። ልትተፋው ትችል ነበር። "አርጅቻለሁ፤ ቢላዋ ስጡኝ" ልትል ትችል ነበር። ያንን ከምትናገር የልጅ ልጇን መግደል መረጠች ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ አልመረጠችም። ስለ ልጁ አላሰበችም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ልጁ በጭኗ ላይ ተጋድሞ ስለ ልጁ አላሰበችም።

በጣቷ ጫፍ አውጥታ አጎረሰችው።

ቢሆነኝ ሥጋ ናፍቆታል። አፉን ከፈተ፤ አንድ ጊዜ መጠጠ፤ ፊቱ ፈካ። ሴቶቹ እልል አሉ። በእልልታው መካከል ዓይኑ ፈጠጠ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። አላለቀሰም፤ የታነቀ ልጅ አያለቅስም። ይህንን ከዚያ ሁሉ ሰው ያወቀች ያምሮት ብቻ ነበረች። ዘልላ ልጇን ከአማቷ ጭን ነጠቀች፤ በክንዷ ላይ በደረቱ ደፋችው፤ ራሱን ዝቅ አድርጋ በመዳፏ በትከሻዎቹ መካከል መታችው። ደገመችው። አንድ ነገር ከልጁ ጉሮሮ ክርክር ሲል ተሰማት።

"ልጀን ገደለችው!" ብላ ጮኸች ንግሥቴ። "ደበደበችው! ኧረ ያዟት! ያንን ልማዷን ጀመረች!"

ጌጥነሽ የታቀፈቻትን ልጅ አስቀምጣ ያምሮትን ከኋላ ያዘቻት። ወንዳወቅ በደም እጁ ሮጦ መጥቶ ልጁን ከክንዷ ላይ ነጠቀ። "ልቀቁኝ! አንቆታል! ሊወጣለት ነው፣ ስጡኝ!" ትላለች ያምሮት። ሦስት ሴቶች ናቸው የያዟት። ወንዳወቅ ልጁን ለእናቱ ሰጠ። ንግሥቴም ውሃ አስመጥታ አፈሰሰችበት፤ ቀጥላ ጣቷን ወደ ጉሮሮው ሰደደች። ሥጋውን ነካችው። ልትይዘው ስትል ወደ ውስጥ ገፋችው።

ባጃጅ ተጠርቶ ከዋናው መንገድ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ጠቁሮ፣ ከዚያ ነጥቶ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። ሲገነዝ ያምሮት ለማንም አላስነካም አለች። አፉን ስትጠርግ ሥጋው ወጣ፤ እንደገባ ነው የወጣው። ረጅም፣ ድፍን፣ የጥርስ ምልክት የሌለበት። በመዳፏ ይዛ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ የአማቷን አፍ አየች። ንግሥቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

ለቅሶው ላይ ወሬው አንድ ነበር። "ሥጋው ምን ያደርጋል?" ይላሉ። "ሁላችን ከዚያ አፍ በልተን አይደል ያደግን? ጀርባው ነው የተሰበረ። እኒያን ጨካኝ እጆቿን አላያችሁም? ነጠላውን ስትወቅጥ የሳቅነው ለካስ..." ንግሥቴ በመካከላቸው ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች፤ ትወድቃለች፤ ውሃ ይረጯታል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ልቅሶዋ የውሸት አልነበረም፤ ልጁን ከልቧ ነበር የምታለቅሰው። ያንን ወሬ ለማስቆም ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም።

በማግስቱ ሰብሊ መጣች። ካለቀሰች በኋላ ከንግሥቴ አጠገብ ተቀምጣ ዝግ ብላ ጠየቀቻት።

"እመት ንግሥቴ፣ ምን ዓይነት ሥጋ ነበር? ደህና አድርገው አላምጠውት ነበር?"

ሰዉ ሁሉ ወደ ንግሥቴ ዞረ። ያምሮት ከበሩ ሥር፣ ከሌሎቹ ተለይታ፣ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ቀና አለች።

"እንደ ወተት አድርጌ ነው እንጅ" አለች ንግሥቴ። "እንደ ወተት! አንችንስ እንዴት አጉርሸሽ ነበር?"

ሰብሊ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ያምሮትስ ብትናገር ማን ይሰማታል? የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ ያምሮት ግን ቆማ ተጎዳች።

ከሰልስቱ በኋላ ወንዳወቅ ሚስቱን ከበረቱ አጠገብ ጠርቶ፣ ፊቷን ሳያይ፣ "ወደ አባትሽ ቤት ሂጅ" አላት። "ሰው ያወራል። እናቴም አንችን እያየች አትኖርም።"

"አንተስ?" አለችው።

"እኔ በዓይኔ አየሁሽ። ስትመችው አየሁሽ" አላት።

ወንድሟ ይታገሱ ሊወስዳት ከደምበጫ በመጣ ዕለት ቤቱ ገና ለቀስተኛ አልተለየውም ነበር። ያምሮት ማልዳ ተነሥታ ከቅርጫው የተረፈ ሥጋ ቀቀለች። ጅማቱን አወጣች። ሙቀጫውን ከጓሮ ሳይሆን ከደጁ መካከል አስቀምጣ ትወቅጥ ጀመር። የገባ የወጣው ያያታል። ነፋችው፤ በገንፎ አዋሐደችው፤ በጣባ አድርጋ ይዛ ገባች።

ንግሥቴ በመደቡ ላይ፣ ጌጥነሽ ልጇን ታቅፋ ከጎኗ፣ ቄስ ገብረሰንበት ከፍ ብለው፣ ወንዳወቅ ከፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ያምሮት ከአማቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

"እሜቴ፣ መሄዴ ነው። ሳላጎርስዎት አልወጣም።"

"ተባረኪ!" አለች ጌጥነሽ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እንዲህ ያለች ምራት! ይህ ሁሉ ሁኖ እንኳን!"

"ከሙሽራ እጅ ያልተቀበሉትን ጉርሻ ከተሰናባች እጅ ይቀበሉ" አሉ ቄሱ። "እርቅ ነው።"

ንግሥቴ ጣባውን አየች። ምን እንደሆነ አወቀች። ጉርሻ ግን እንዴት እምቢ ይባላል? እምቢ ብትል ለምን እንደሆነ መናገር አለባት። ከንፈሯን በጥቂቱ ገለጥ አደረገች።

"እንዲያ አይደለም" አለች ያምሮት በለሰለሰ ድምፅ። ተነሥታ አማቷን በትከሻዋ ደግፋ ከመደቡ ጫፍ፣ ከበሩ ብርሃን አንጻር አመጣቻት። "ቀና ብለው ይቀመጡ። ጋደም ብሎ መብላት ያንቃል። እንዲህ። በትንሹ ነው የሚጀመር፤ በማንኪያ ጫፍ። አፍዎን ሰፋ አድርገው ይክፈቱልኝ። አሁንም ሰፋ ያድርጉት፤ እስከ ኋላው።"

ንግሥቴ ምራቷን ታያታለች። ያምሮት ማንኪያውን ይዛ ትጠብቃለች። ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። ንግሥቴ አፏን ከፈተች፤ ከፀሐዩ ፊት፣ ሰፋ አድርጋ ከፈተች።

ያምሮት ማንኪያውን ወዲያው አላስገባችውም። ቀስ አለች።

"ይዋጡ" አለች ከዚያ። "አይፍሩ፤ ማላመጥ አያስፈልገውም። ለልጄ የተማርሁት ነው። ዋጡት? እስቲ ልየው፤ የፊተኛው ሳይዋጥ ሌላ አይጨመርም። ይክፈቱ።"

ሁለተኛ ተከፈተ። ጌጥነሽ ከጎን ሆና አየች፤ "ተባረኪ" ማለቷን ተወች፤ ጡት የምትጠባ ልጇንም ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገች። ቄሱ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ወንዳወቅ ከፊት ለፊት ነበር፤ ብርሃኑም ወደ እናቱ ጉሮሮ ድረስ ገብቶ ነበር። በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፤ ከፊቶቹ ጥርሶች በስተኋላ ባዶ ድድ ነበር። ልጁን ከሚስቱ ክንድ የነጠቀባቸውን እጆቹን አያቸው፤ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ንግሥቴ ዋጠች። እንባዋ ከገንፎው ጋር ወረደ። ያምሮት ግን እስከ ጣባው ግርጌ ድረስ፣ አንድ ማንኪያ ሳታስቀር፣ ሳትቸኩል አጎረሰቻት። ከዚያ የአማቷን ከንፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

"ያምሮት" አለ ወንዳወቅ።

ዞራ አላየችውም። ጣባውን ከመደቡ ላይ አስቀመጠችና ወንድሟን "ፀሐይ ሳይበረታ እንሂድ" አለችው።